ገጽ አሥራ አራት

ታምፔሬ

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 3

ጡረታ በወጣሁ በአምስተኛው ዓመት የፋብሪካው መግቢያ ካርድ ዛሬ ተመልሶ አንገቴ ላይ ተንጠለጠለ። ፎቶግራፉ የድሮው ነው። እንቀይርልሽ አሉኝ፤ አያስፈልግም አልኩ።

ቱኦሞ ራስኩ ራሱ በር ድረስ ወጥቶ ተቀበለኝ። አባቱ ፋብሪካውን ሲመሩ ይህ ሰው ትንሽ ልጅ ነበር፤ ጠረጴዛዬ ሥር ቁጭ ብሎ ቁርጥራጭ ሽቦ ይለቅም ነበር። አሁን ሃምሳ ሊሞላው ነው፣ ፋብሪካውም የሱ ነው። የሆነ ነገር ሲፈልግ ግን ዛሬም “አክስት ኢርያ” ይለኛል።

“አክስት ኢርያ፣ ካንቺ ሌላ ማን ይጽፈዋል? እነዚህ ልጆች ኮድ ነው የሚችሉት፤ ዓረፍተ ነገር አይችሉም።”

ሥራው ይህ ነው። ሽታ የሌለውን መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ የሚለኩት ቦርዶቻችን አዲስ ሴንሰር ተገጥሞላቸዋል። ስለዚህ ቦርዱን ከደንበኛው ፕሮግራም ጋር የሚያገናኘው ድራይቨር እንደገና ይጻፋል። ድራይቨሩን የምትጽፈው ሳና ሂርቬላ የምትባል የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ናት። እኔ ከሷ ጋር ሆኜ የደንበኞቹ ፕሮግራሞች ድራይቨሩን የሚጠይቁበትን መገናኛ እወስናለሁ፤ ከዚያም መመሪያውን እጽፋለሁ። ለገና መድረስ አለበት።

ምሳ የአተር ሾርባ ነበር፤ ሐሙስ ሐሙስ ሁሌም እሱ ነውና። ሰናፍጩ እንደ ድሮው አይደለም።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ገና በሦስተኛው ቀን ተጣላን።

የድሮው መገናኛ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ “አንብብ” ሲል ድራይቨሩ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ በአየሩ ውስጥ ያለው የጋዝ መጠን ነው። ሴንሰሩ ገና ካልሞቀ ወይም መለካት ካቃተው ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል። ይህን የወሰንኩት እኔ ነኝ፣ በ1988። በመመሪያው ገጽ 14 ላይ የጻፍኩትም እኔ ነኝ፦ “ሴንሰሩ ዝግጁ ካልሆነ ዜሮ ይመለሳል።” አምስት ቃል። አንዱን ብታወጣ ይፈርሳል፤ አንድ ብትጨምር ትርፍ ነው።

ሳና ወንበሯን ወደኔ አዞረች። “ንጹሕ አየርስ? እሱም እኮ ዜሮ ነው።”

“ብረት ማቅለጫ ውስጥ ዜሮ የሚባል አየር የለም” አልኳት። እውነቴን ነው። የድሮው ሴንሰር በጣም ጥሩ በሆነ ቀን እንኳ ከሦስት ወርዶ አያውቅም።

“ዛሬ የምንሸጠው ለማቅለጫ ብቻ ነው እንዴ? ለመኪና ማቆሚያ አለ፣ ለበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ አለ። አዲሱ ሴንሰር ደግሞ አየሩ ንጹሕ ሲሆን በትክክል ዜሮ ይላል። ሲታመምም ዜሮ፣ ሲድንም ዜሮ! ምን ዓይነት ሐኪም ነው ይሄ?”

“ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ደንበኞች ፕሮግራማቸውን በዚህ መገናኛ ላይ ጽፈዋል። የታተመ ነገር አይለወጥም።”

“ይሰበርባቸዋ! የተሰበረ ፕሮግራም ይጮኻል፣ ኢርያ። ዝም የሚለው የተሳሳተው ነው።”

ሳና አንቺ ነው የምትለኝ፤ እዚህ አሁን ሁሉም ለሁሉም አንቺና አንተ ነው። ያ አልነበረም የከነከነኝ። የከነከነኝ ቱኦሞ በሩ ላይ ቆሞ መስማቱና መሳቁ ነው። እርግጥ ለኔ ፈረደ። “የደንበኛን ፕሮግራም አንሰብርም። አለቀ።” ሳና ከዚያች ጥቁር ጨዋማ ከረሜላዋ አንዷን አፏ ውስጥ ጣለችና ወደ ስክሪኗ ዞረች።

ትክክል ነኝ። ይህን ሥራ ለሚያውቅ ሰው የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 11

በሴፕቴምበር ወር አዲሱ ሴንሰር ያላቸው አራት ቦርዶች ለአራት ደንበኞች ለሙከራ ወጥተው ነበር፤ ጊዜያዊ ድራይቨርና የድሮው መመሪያ አብረዋቸው። ስለ መመሪያው የሚመጣ ጥያቄ ሁሉ ወደኔ እንዲተላለፍ ቱኦሞ አዟል። ዛሬ የመጀመሪያው መጣ። ከዚህ በስተሰሜን የሁለት ሰዓት መንገድ ካለች ከተማ፣ የበረዶ አዳራሽ ከሚጠብቅና ከሚጠግን ካርሎ ዩቲ ከሚባል ሰው። ሦስት ገጽ ሙሉ ደብዳቤ፣ በእርስዎ የተጻፈ፣ ነጠላ ሰረዙ ሁሉ በቦታው። ፕሮግራሙን ራሱ እንደጻፈ ይተርካል፤ ስለ ማራገቢያው ይተርካል፤ ስለ በረዶው ልስላሴ ይተርካል። ከረዥሙ ታሪክ መጨረሻ ላይ ጥያቄው ተገኘ፤ ስለ ዜሮ ነው።

ቸኩዬ ነበር። “ገጽ 14ን ይመልከቱ” ብዬ መለስኩ። ሰዎች መመሪያውን ከማንበብ ደብዳቤ መጻፍ ይቀላቸዋል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 20

ዝናብ። ከቤት አልወጣሁም፤ ሁለተኛውን ምዕራፍ አረምኩ። ከአርባ ሁለት ገጽ ወደ ሠላሳ አንድ ወረደ።

የሴቶች ትምህርት ቤት ሳለሁ ሒሳብ ያስተማሩን ማጂስተር ሶርቫሊ በየትርፉ ቃል አንድ ነጥብ ይቀንሱ ነበር። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ ስትጠይቅ መጀመሪያ “መጽሐፉ ላይ የለም?” ይሏታል። ካለ፣ ቆማ ታነበዋለች፤ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ። እኔ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜም ጠይቄ አላውቅም። በምረቃ ቀን ጨብጠውኝ፣ በቤተሰብ ስሜ ጠርተው፣ “ቫይኒካ፣ አንቺ አላደከምሽኝም” አሉኝ። ከዚያ የበለጠ ምስጋና ማንም ሰጥቶኝ አያውቅም።

የ1988ቱ መመሪያ ረቂቆች ምድር ቤት ዕቃ ማስቀመጫዬ ውስጥ አሉ፣ በአረንጓዴው ፋይል። ለማነጻጸር ላወጣቸው አስቤ ነበር። አያስፈልግም፤ በቃሌ አውቀዋለሁ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 28

ሳና በረቂቄ ኅዳግ ላይ አስተያየት ጽፋለች፦ “ሁለቱን ዜሮ በምን እንለያቸዋለን?” ሰረዝኩት። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ተጽፎ አገኘሁት። እንደገና ሰረዝኩት።

ደረጃ ስወጣ ከላይ ሁለት ወንዶች ሲያወሩ ሰማሁ።

“ገጽ አሥራ አራት ዛሬ ገብታለች?”

“ገብታለች፣ ገብታለች። ኮፍያህን አውልቅ።”

ሳቁ። ሲያዩኝ አንደኛው እውነትም ኮፍያውን አወለቀ። ጠዋት ለሁሉም እንደምሰጠው ሰላምታ ሰጠኋቸው።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 5

ስድስተኛው ምዕራፍ። የሥዕሎቹ ቁጥር ተዛብቷል። ሳና ሳትነግረኝ የትእዛዝ ስም ቀይራለች፤ አስመለስኩ። ዓይኔ ደክሟል። የመኪናዬ ጎማ ገና በረዶ ላይ በማያንሸራትተው የክረምት ጎማ አልተቀየረም። ቱኦሞ ሦስት ጊዜ ደወለ፣ ሦስቱንም ስለ ሽፋኑ ቀለም።

የበረዶ አዳራሹ ሰውዬ መልሶ አልጻፈም። ስለዚህ ገብቶታል ማለት ነው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 14

ጠዋት በሁለት ሰዓት ስልክ። ቱኦሞ። ትናንት ማታ አዳራሹ ውስጥ ልጆች ተመርዘዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ። አሥራ ሰባት ልጃገረዶች፣ አሥራ ሦስትና አሥራ አራት ዓመት። ማንም አልሞተም። ማንም አልሞተም፣ ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት። የኛ ቦርድ እዚያ ነው። የዚያ ሰውዬ አዳራሽ ነው።

ሾርባ አልበላሁም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 16

የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ በቅደም ተከተል የተጻፈ ነገር ያረጋጋኛል።

ረቡዕ ማታ የልጃገረዶቹ ቡድን በበረዶው ላይ ቀለበት በዱላ የሚገፋበትን ጨዋታ ይለማመድ ነበር። ከልምምዱ በፊት በረዶውን የሚልገው መኪና ዞሯል። መኪናው በጋዝ የሚሄድ ነው፤ ሞተሩ ተበላሽቶ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ጭስ ይተፋ ነበር፤ ይህን ማንም አላወቀም። ከመኪናው ሙቅ ውኃ የተነሣው እንፋሎት ሴንሰራችን ላይ አርፎ በረዶ ሠራ። ሴንሰሩ መለካት አቃተው። ድራይቨሩ ዜሮ መለሰ። የሰውዬው ፕሮግራም ዜሮ ሲያይ አየሩ ንጹሕ ነው ብሎ ማራገቢያውን አጠፋ። አንድ ሰዓት ተኩል ጠፍቶ ቆየ።

መጀመሪያ ራሴን አመመኝ ያለችው የቡድኑ በረኛ ናት፤ ሁሉም ሳቁባት፣ ልምምድ ሰልችቷት መስሏቸው። ከዚያ ሁለት አስመለሳቸው። በማግስቱ አሥራ ስድስቱ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በረኛዋ ገና ሆስፒታል ናት።

ቦርዱ መመሪያው እንዳለው ሠርቷል። ድራይቨሩም መመሪያው እንዳለው ሠርቷል።

የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው ምንም ትርፍ ቃል የለበትም። አላረጋጋኝም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 19

ስብሰባ። ቱኦሞ፣ ሳና፣ እኔ። በረኛዋ ትናንት ከሆስፒታል ወጥታለች፤ ሳና ናት የነገረችን፤ ደውላ ጠይቃ ነበር። እኔ አልደወልኩም።

ማዘጋጃ ቤቱ ካርሎ ዩቲን ከሥራ አግዶታል። ጉዳዩ በመጪው ሳምንት ሐሙስ ይታያል፤ ከዚያ በፊት፣ እስከ ረቡዕ፣ ከኛ መልስ ይፈልጋሉ። ቱኦሞ መልሱን አዘጋጅቶ መጥቷል፣ ግማሽ ገጽ፦ “መመሪያው ዜሮ ምን እንደሆነ በገጽ 14 በግልጽ ይናገራል። ተጠቃሚው መመሪያውን ሳይከተል ፕሮግራም ጽፏል።” ከሥሩ ለፊርማ የተተወ ቦታ፣ ከሱም ሥር የኔ ስም።

“ለምን እኔ?”

“የመመሪያው ደራሲ አንቺ ነሻ፣ አክስት ኢርያ። በዚህ ላይ አንቺን የማያምን የለም። ሰውዬው የግቢ ጠባቂ ነው፤ ፕሮግራም መጻፍ ምን አገባው?”

“መመሪያችን ሽፋን ላይ ‘ፕሮግራምዎን ራስዎ ይጻፉ’ ይላል” አለች ሳና። “በትልቁ። በብርቱካንማ ቀለም። ቀለሙን አንተ ነህ የመረጥከው።”

“ሳና፣ በናትሽ!”

“ከታገደበት ካልተመለሰ ጡረታው ሊያልፍበት ነው እኮ። ሁለት ዓመት ነው የቀረው፤ ሠላሳ ዓመት ሠርቷል።”

ወረቀቱን ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። አነበዋለሁ አልኩ። ግማሽ ገጽ ለማንበብ ስምንት ቀን አያስፈልግም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 21

ምሳ ላይ ሳና ሾርባዋን ይዛ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ብዙ ጊዜ ከወጣቶቹ ጋር ነው የምትቀመጠው።

“ኢርያ፣ ሰውዬው ጠይቆን አያውቅም? የቀሩት ሦስቱ የሙከራ ደንበኞች ስለ ሌላ ነገርም ቢሆን ጠይቀዋል። እሱ ብቻ ነው ዝም ያለው?”

“አላስታውስም” አልኳት።

በዚያች ደቂቃ አላስታወስኩም ነበር። ደብዳቤ ብዙ ነው የሚመጣው።

ሳና ትንሽ አየችኝና ሰናፍጩን ወደኔ ገፋችው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 24

ከላይ ሐሙስ ዕለት የጻፍኩትን ልሰርዘው ነበር። ይቆይ። እውነቱ ግን ይህ ነው፦ ስለ ዜሮ የመጣልኝ አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ሦስት ገጽ ነበር፤ ሳና ስትጠይቀኝም አስታውሼው ነበር።

ጠዋት ምድር ቤት ወረድኩ። የጎረቤቶቹ ስኪና ብስክሌት መንገዱን ዘግቶታል። አረንጓዴው ፋይል ከታች ነበር። ጀርባዬ በሽቦ አጥሩ ቅዝቃዜ እስኪደነዝዝ ድረስ ሣጥን ላይ ተቀምጬ ገለጥኩ።

ገጽ 14፣ ሦስተኛው ረቂቅ፣ ማርች 1988። ኅዳጉ ላይ የአርቮ ሲሊየን ጽሑፍ አለ፤ ያኔ የሴንሰር ሰው እሱ ነበር፣ ለስላሳ ሰው፣ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ። በትንንሽ ፊደል “ኢርያ፣ አንድ ቀን በእውነት ንጹሕ አየር ቢገኝስ?” ይላል። ከጎኑ በቀይ እርሳስ የኔ ጽሑፍ፦ “አላስፈላጊ ጥያቄ።” ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ፣ በማስመሪያ።

በቃሌ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። አምስቱን ቃል አውቃለሁ። ይህን ግን… ይህንንም አውቅ ነበር። ፋይሉን ያላወጣሁት ለዚህ ነው።

አርቮ ደግሞ አልጠየቀም። አርቮ ሁለት ጊዜ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ዘንድሮ ሳና ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ አንዴ ተጣላኋት፣ ሁለቴ ሰረዝኩባት፤ እዚሁ ደብተር ላይ አለ።

ሠላሳ ስድስት ዓመት ያዳነኝ የማቅለጫው ቆሻሻ አየር ነው፤ እኔ ግን ትክክል ስለሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 26

የክረምት ጎማ ትናንት አስገጠምኩ፤ ዛሬ ወደ ሰሜን ነዳሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። በረዶ ይጥል ነበር።

ካርሎ ዩቲ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ባለ ሁለት ፎቅ ቤት የታችኛው ወለል ላይ ነው የሚኖረው። በሩን ሲከፍት ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። ፊቱ ይቀላል፣ ይቆጣል ብዬ ነበር። “ይግቡ፣ ወይዘሮ ቫይኒካ፤ ጫማዎን ማውለቅ አያስፈልግም” አለኝ። እርግጥ አወለቅሁ።

ጥቁር ዳቦ በቅቤ አቀረበ። መመሪያችን ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ በፕላስቲክ ተለብዶ፣ በእርሳስና በማስመሪያ ተሰምሮበት። እንደዚህ አድርጎ ያነበበኝ ሰው አይቼ አላውቅም።

“በመጀመሪያ ዜሮን ‘አልተዘጋጀም’ ብዬ ነበር የወሰድኩት፤ እርስዎ እንዳሉት” አለኝ። “ዜሮ ሲመጣ ማራገቢያው እንዲዞር አደረግሁ፤ ለጥንቃቄ። ግን አየራችን አብዛኛውን ቀን ንጹሕ ነው፣ ሁልጊዜ ዜሮ ነው። ማራገቢያው ሁለት ቀን ሙሉ አልቆም አለ። ሙቅ አየር እየሳበ በረዶዬን ሾርባ አደረገው። ልጆቹ ‘እየዋኘን ነው የምንጫወተው’ አሉኝ፣ ሲያሾፉብኝ። ለዚህ ነው የጻፍኩልዎት።”

“ገጽ 14ን ይመልከቱ አልኩዎት።”

“አዎ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ‘ለሌላው ሰው ሁሉ ግልጽ ነው፣ ላንተ ብቻ ነው ያልገባህ፣ ካርሎ’ አልኩ ለራሴ። ስለዚህ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ፤ የተሳሳተውን መረጥኩ።”

“የተሳሳተው አንዱ ብቻ አይደለም። ሁለቱም የተሳሳቱ ናቸው። ትክክለኛው እዚያ ውስጥ አልነበረም።”

ዳቦውን ቆረሰ።

“ማዘጋጃ ቤቶቹ ‘አምራቹን ለምን አልጠየቅህም?’ ሲሉዎት መልሴን አላሳዩዋቸውም?” አልኩት።

“አላሳየሁም።”

“ለምን?”

“አፈርኩ። ‘ገጽ 14ን ይመልከቱ’ የሚል ወረቀት ምን ያረጋግጣል? አለማንበቤን ነው የሚያረጋግጠው።”

ከትምህርት ቤት የማውቀው ፊት ነበር። ቆማ እንድታነብ የታዘዘች ልጅ ፊት። ያኔ እኔ ተቀምጬ ነበር የማየው፣ ደስም ይለኝ ነበር።

የአርቮን ገጽ ከቦርሳዬ አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩ። ካርሎ መነጽሩን አደረገ፣ ከዚያ ማስመሪያውን አንስቶ ከመስመሩ ሥር አስጠጋና አነበበ። ቀዩን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበበው። “ይሄ የእርስዎ እጅ ነው?” አለ። “የኔ ነው” አልኩ። “እህ” አለ። ከዚያ ዳቦ ጨመረልኝ።

ስወጣ የበረኛዋ ነገር እንቅልፍ ነስቶት እንደሆነ ጠየቅሁት። “በየቀኑ ትመጣለች” አለኝ። “አዳራሹ እንደተዘጋ ታውቃለች፤ በሩን ታንኳኳና ‘ካርሎ፣ መቼ ነው የሚከፈተው?’ ትለኛለች። እኔን ነው የምትጠይቀኝ፣ የታገድኩትን።”

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 27

ጠዋት በሦስት ሰዓት ቱኦሞ ቢሮ ነበርኩ። የሱን ግማሽ ገጽ ያለ ፊርማ መለስኩለት። የኔን ሰጠሁት፤ አንድ ገጽ ተኩል ነው፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ረዥሙ። መገናኛው ንጹሕ አየርንና የታመመ ሴንሰርን መለየት አያስችልም፤ ጉድለቱ በ1988 ተጠቁሞኛል፣ አልፌዋለሁ፤ ዘንድሮ በሥራ ባልደረባዬ ተጠቁሞኛል፣ አልፌዋለሁ፤ ካርሎ ዩቲ በጽሑፍ ጠይቆኛል፣ የመለስኩለት ሦስት ቃልና ከምድር ቤቴ ያወጣሁት የ1988ቱ ገጽ ቅጂ ከዚህ ጋር ተያይዘዋል።

ቱኦሞ አንብቦ ሲጨርስ የአባቱን ፊት አየሁበት።

“አክስት ኢርያ፣ ማን ነው የሠላሳ ስድስት ዓመት ወረቀት የሚጠይቅሽ? መልሺው ወደ ምድር ቤት። ወይም አቃጥዪው፤ ምድጃ የለሽም?”

“ምድጃዬ የኤሌክትሪክ ነው።”

“ይሄ ደብዳቤ ከወጣ ለሦስት መቶ አሥራ ሁለት ደንበኛ ‘ፕሮግራማችሁ አደገኛ ነው’ ማለት ነው!”

“አዎ። እሱንም እኔ እጽፈዋለሁ።”

“ካልፈቀድኩስ?”

“ማለዳ ፖስታ ቤት አልፌ ነው የመጣሁት፣ ቱኦሞ።”

ከዚያ መመሪያውን ጨርሼ ካርዱን እንድመልስ ነገረኝ። “ኢርያ” ብቻ አለኝ፤ አክስትነቱ ቀርቷል። ለትልቅ ሰው የሚገባ ንግግር ነው፤ አልተከፋሁም። ማለት፣ ትንሽ ተከፋሁ።

ወደ ሳና ጠረጴዛ ሄጄ ሐሙስ ዕለት ዋሽቼሻለሁ አልኳት። “አውቃለሁ” አለች። “ደብዳቤውን የፋብሪካው ሰርቨር ላይ አይቼው ነበር። ራስሽ እስክትናገሪ እየጠበቅሁ ነበር። እስከ ዛሬ ማታ ነበር የሰጠሁሽ።” ከረሜላ ሰጠችኝ። አስቀያሚ ነው። በላሁት።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 6

የነፃነት ቀን። እንደ ልማዳችን ሁለት ሻማ መስኮት ላይ አበራሁ። ሥራ ዝግ ነው፣ ሳና ግን ኮምፒውተሯን ይዛ ቤቴ መጣች። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሙሉ ቀን ሠራን።

“አንብብ” ከእንግዲህ ሁለት ነገር ይመልሳል፤ መጀመሪያ የሴንሰሩን ሁኔታ፣ ቀጥሎ ቁጥሩን። ሁኔታው “ደህና” ካልሆነ ቁጥር የሚባል ነገር አይሰጥም። የድሮውን “አንብብ” የሚጠቀም ፕሮግራም ዜሮ አያገኝም፤ ስህተት ያገኛል፣ ይቆማል።

“እርግጠኛ ነሽ?” አለች ሳና። “ሦስት መቶ አሥራ ሁለት?”

“ይሰበሩ።”

ለደንበኞቹ ሁሉ የጻፍኳቸው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች ሰኞ ከወጡ ጀምሮ ስልኩ አላረፈም። አንድ የመኪና ማቆሚያ ባለቤት ስድብ ሁሉ ሰደበኝ፤ እስኪጨርስ ሰማሁትና ምን መቀየር እንዳለበት አንድ በአንድ ነገርኩት። ሳና ስልኩን እየጠቆመች “ስሚ፣ እየጮኹ ነው” ትላለች፤ በጣም ደስ ብሏት።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ የማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ውሳኔ ሳይሰጥ ተበትኗል፤ ደብዳቤዬን ሊያጠኑ ነው። ካርሎ እስካሁን ታግዷል። ይህ እንጂ ስድቡ አይደለም እንቅልፍ የሚነሣኝ።

ገጽ 14ን ስምንት ጊዜ ጻፍኩት። አሁን አንድ ገጽ ሙሉ ነው፣ ምሳሌ አለው፣ “ይህ ለምን ሆነ?” የሚል አንቀጽ አለው። ማጂስተር ሶርቫሊ ቢያዩት አሥራ አምስት ነጥብ ይቀንሱልኝ ነበር። ለሳና አነበብኩላት። “ይገባል” አለች። ከዚያ “በርግጥ እኔ ከድሮም ገብቶኛል፣ ለማይገባው ሰው አንብቢለት” አለች።

ረቂቁን ለካርሎ ላክሁት።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 17

መመሪያው ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል። ካርዱን ለመመለስ ከአንገቴ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አድርጌዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ስልክ ጮኸ። ካርሎ ዩቲ ነው። ትናንት ወደ ሥራው ተመልሷል። አዳራሹ ሐሙስ ይከፈታል፤ በረኛዋ ቀድማ ደርሳ አዲሱን በረዶ በጓንቷ ዳብሳ “ለስላሳ ነው” ብላ ነቅፋዋለች። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ የሆነ ነገር እያዘገየ እንደሆነ ገባኝ።

“ወይዘሮ ቫይኒካ፣ ረቂቁን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ሁለት ጊዜ። በጣም ግልጽ ነው። በጣም ጥሩ ነው።”

“ግን?”

“አይ፣ ምንም። ምናልባት የሆነ ቦታ ተጽፎ እኔ አልፌው ይሆናል…”

በዕድሜ የምበልጠው እኔ ነኝ፤ በኛ ልማድ መጀመር ያለብኝም እኔ ነኝ። “ካርሎ” አልኩት፣ “ኢርያ በለኝ። አንቺ በለኝ። ከዚያ ጥያቄህን ጠይቀኝ።”

ጉሮሮውን ጠረገ። “እሺ፣ ኢርያ። ሴንሰሩ ሲታመም ምን እንደሚመጣ ጽፈሻል። ከቦርዱ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው ገመድ ግን ቢቆረጥ? መላጊያው መኪና እኮ ባለፈው ዓመት አንዱን በጥሶታል። ያኔ ድራይቨሩ ምን ይላል?”

መመሪያውን ገለጥኩ። ገጽ 14ን፣ 15ን፣ የስህተቶቹን ሠንጠረዥ። ሳናን ጠራኋት። ሳናም ገለጠች።

“አልጻፍነውም” አልኩት። “አላሰብነውም። ቆይ፣ እርሳስ ላምጣ፤ ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ፣ ገመዱ የት ጋ እንደሚያልፍም ጭምር።”

ሃያ አምስት ደቂቃ ነገረኝ። ሁለት ገጽ ሞላሁ።

ከዚያ ማተሚያ ቤት ደውዬ ለነገ የተያዘውን አስቆምኩት። ካርዱን መልሼ አንገቴ ላይ አደረግሁ።